የቡድን ቻት አማራጭ ስለመምረጥ ለወጣው ጽሑፍ ምላሽ፦ ድምፁን ሳትፈትሹ ቡድናችሁን አታዛውሩ

ከዲስኮርድ ወጥተው ሌላ የጽሑፍና የድምፅ መገናኛ ለሚፈልጉ ቡድኖች ምክር የሚሰጥ አንድ ጽሑፍ ብዙዎች እየተቀባበሉት ነው። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ አፖቹን በሰንጠረዥ አወዳድራችሁ ብዙ ምልክት ያለበትን ምረጡ፤ የድምፅ ጥራት በሁሉም ያው ነው፤ ሁሉም ስለሚመሰጥሩ ምስጢራችሁ የተጠበቀ ነው፤ የራስን ሰርቨር ማቆም የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ትልቅ ድርጅት የያዘው አፕ አይጠፋም፤ ዝውውሩንም በአንድ ቀን ጨርሱት።

ጸሐፊው ሰዎች አማራጭ እንዳላቸው ለማሳየት መነሳታቸው መልካም ነው። ምክሩን እንዳለ የተከተለ ቡድን ግን ብዙ ሳይቆይ ግማሹ አዲሱ ቦታ፣ ግማሹ አሮጌው ቦታ ሆኖ ይበተናል። የቡድን መገናኛ የሚመረጠው ቡድኑ በተግባር እንዴት እንደሚነጋገር ታይቶና ኔትወርኩ ከሁሉም ደካማ በሆነው አባል ዘንድ ተፈትኖ ነው። ነጥቦቹን በየተራ እንያቸው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሰንጠረዡ

በሰንጠረዡ ላይ ሲግናል፣ ቴሌግራም፣ ዙሊፕ፣ ማምብልና ኤለመንት ድምፅ በሚለው ዓምድ ሥር እኩል ምልክት ተሰጥቷቸዋል። የአምስቱ ድምፅ ግን ለየቅል ነው።

ዲስኮርድን የለመደ ቡድን የሚያውቀው ሁልጊዜ ክፍት የሆነ የድምፅ ክፍል ነው። ማን እንደገባ ከውጭ ይታያል፤ የፈለገ ይገባል፣ ሲበቃው ይወጣል፤ ማንም ለማንም አይደውልም። ይህን በዚያው መልክ የሚሰጡት ማምብል፣ ቲምስፒክና እስከ ኦክቶበር 2025 ድረስ ሪቮልት ይባል የነበረው ስቶት ናቸው። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ አስተዳዳሪ የድምፅ ውይይት ይከፍታል፣ ሌሎቹ ሳይደወልላቸው ይገባሉ። ይህ ለክፍሉ ይቀርባል፤ ነገር ግን አንድ ግሩፕ ያለው አንድ ውይይት ብቻ ስለሆነ ሦስት ንዑስ ቡድኖች በአንድ ጊዜ ሦስት ቦታ ተለያይተው መነጋገር አይችሉም። ሲግናል ላይ ያለው የቡድን ጥሪ ነው። ዙሊፕ ራሱ ድምፅ አያስተላልፍም፤ ጂትሲ የተባለውን የጥሪ አገልግሎት ወይም የሌላ አገልግሎትን ሊንክ መልእክቱ ውስጥ ያስቀምጥላችኋል። ማትሪክስ በተባለው ክፍት የመገናኛ ሥርዓት ላይ የሚሠራው ኤለመንት የቡድን ጥሪውን የሚያካሂደው ኤለመንት ኮል በሚባለው ክፍሉ ሲሆን፣ ከጀርባው ላይቭኪት የተባለ የሚዲያ ሰርቨር ያስፈልገዋል። የሰርቨሩ ባለቤት ይህን ካላቆመ አፑ ምንም ያህል አዲስ ቢሆን የቡድን ጥሪው አይነሳም።

ስለዚህ ወደ ሰንጠረዡ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ መልሱ። የመጀመሪያው፦ ድምፅን የምትጠቀሙበት እንደ ክፍል ነው ወይስ እንደ ስልክ ጥሪ? አብረው ጌም የሚጫወቱ፣ አብረው የሚያጠኑ፣ በርቀት ሆነው አብረው የሚሠሩ ሰዎች ክፍል ይፈልጋሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት የሚሰበሰብ ቡድን ግን ጥሪ ይበቃዋል። እንዲህ ያለው ቡድን ድምፁን ለጂትሲ ሊንክ ትቶ ምርጫውን በጽሑፉ ብቻ ቢያደርግ ምንም አይጎድልበትም። የጂትሲ የሕዝብ ሰርቨር ከኦገስት 2023 ጀምሮ ክፍሉን የሚከፍተው ሰው በጉግል፣ በፌስቡክ ወይም በጊትሀብ አካውንት እንዲገባ እንደሚጠይቅ ብቻ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ሌሎቹ ተሳታፊዎች ያለ አካውንት ይገባሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ዛሬ የገባ አባል ያለፈውን ወር ውይይት ማንበብ አለበት? ማምብል የጽሑፍ መልእክትን አያስቀምጥም፤ በሰዓቱ ያልነበረ ሰው አያየውም። ሲግናል ላይ አዲስ አባል ከመግባቱ በፊት የተባለውን አያገኝም። ማትሪክስ ላይ ባለ የተመሰጠረ ክፍል ውስጥም አዲስ ገቢው የድሮውን መልእክት መክፈቻ ቁልፍ በአብዛኛው አይደርሰውም። ስላክ የተባለው የሥራ ቻት አፕ ነፃ ዕቅድ የሚያሳየው የ90 ቀን ታሪክ ብቻ ነው፤ ከኦገስት 2024 ወዲህ ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየውን እስከነጭራሹ ይሰርዘዋል። ቡድናችሁ ጥያቄና መልስ የሚከማችበት፣ የዛሬ ዓመት የተሰጠ መልስ ተፈልጎ መገኘት ያለበት ከሆነ፣ እያንዳንዱን ውይይት በርዕስ የሚያስረው ዙሊፕ ከሁሉም ይበልጣል ብለን እናምናለን። ድምፅ በሚለው ዓምድ ምክንያት ከመጨረሻዎቹ ተርታ መቀመጡ አግባብ አይደለም።

ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሳው መንገድም አለ፤ እሱም ለድምፅ አንድ፣ ለጽሑፍ ሌላ መጠቀም ነው። ሁለቱንም በአንድ አፕ እናግኝ ማለት ብዙ ቡድኖችን ሁለቱንም በመካከለኛ ደረጃ ወደሚሠራ ቦታ ይወስዳቸዋል። ማምብል ለድምፅ፣ ዙሊፕ ወይም ሲግናል ለጽሑፍ ሆነው ለዓመታት ያለ ችግር ሊያገለግሉ ይችላሉ። መከፈት ያለባቸው ሁለት አፖች መሆናቸው እውነተኛ ሸክም ነው፤ ሆኖም ድምፁ የሚቆራረጥበትን አንድ አፕ ከመታገስ ይቀላል።

ስለ ድምፅ ጥራት

ጽሑፉ እዚህ ላይ በከፊል እውነት አለው። ማምብልም፣ ዲስኮርድም፣ ጂትሲም፣ ሲግናልም ድምፅን የሚጨምቁት ኦፐስ በተባለው ኮዴክ ነው። ኦፐስ በሴፕቴምበር 2012 የኢንተርኔት ደረጃ ሆኖ ወጣ፤ ከ6 እስከ 510 ኪሎቢት በሰከንድ ባለው ልክ ይሠራል። ኮዴኩ አንድ ስለሆነ ግን የሚሰማው ድምፅ አንድ አይሆንም። ልዩነቱን የሚያመጡት ፓኬቱ (ድምፁ ተከፋፍሎ የሚላክበት ትንሽ ጥቅል) የሚላክበት ሁኔታ፣ የሚያልፍበት መንገድና ማይኩ የሚከፈትበት ዘዴ ናቸው።

በቁጥር እንየው። ድምፁ እንደተለመደው በ20 ሚሊሰከንድ ቁራጭ ተከፋፍሎ ሲላክ በሰከንድ 50 ፓኬት ይወጣል። እያንዳንዱ ፓኬት ከድምፁ በተጨማሪ ወደ 40 ባይት የሚሆን የአድራሻ ሸክም ይይዛል። ይህ ብቻውን 16 ኪሎቢት በሰከንድ ነው። ስለዚህ በ24 ኪሎቢት የተቀመጠ ድምፅ መስመሩ ላይ 40 ኪሎቢት ይሆናል። አንድ ሰው ሳያቋርጥ ለአንድ ሰዓት ቢናገር እያንዳንዱ አድማጭ ወደ 18 ሜጋባይት ዳታ ይወጣበታል። ቁራጩ ወደ 60 ሚሊሰከንድ ቢረዝም የአድራሻው ሸክም ከ16 ወደ 5 ኪሎቢት ገደማ ይወርዳል፤ በምትኩ ድምፁ ተጨማሪ 40 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፣ አንድ ፓኬት ሲጠፋም የሚጎድለው ድምፅ ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ማምብል ይህን ምርጫ ለተጠቃሚው ይተዋል። በማስተካከያው የድምፅ ግብዓት ገጽ ላይ ጥራቱንና በአንድ ፓኬት የሚጫነውን የድምፅ ርዝመት የሚወስኑ ሁለት መንሸራተቻዎች አሉ፤ አጠቃላይ ፍጆታውም እዚያው በኪሎቢት ይታያል። ለንግግር 32 ኪሎቢትና 20 ሚሊሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። መስመሩ ደካማ የሆነ አባል 24 ኪሎቢትና 40 ሚሊሰከንድ ይሞክር። ከዚያ በታች ከመውረዱ በፊት ግን ችግሩ የፍጥነት ማነስ ነው ወይስ የፓኬት መጥፋት የሚለውን ይለይ። ዋይፋዩ ፓኬት የሚጥል ከሆነ ጥራት መቀነስ ብዙም አይረዳውም፤ ወደ ራውተሩ መቅረብ ወይም በኬብል መገናኘት ይረዳዋል።

የሚያልፍበት መንገድም ይለያያል። አንዳንድ መሣሪያዎች ተሳታፊዎቹን ያለ ሰርቨር በቀጥታ እርስ በርስ ያገናኛሉ። አሥር ሰዎች ካሉ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ዘጠኝ ጊዜ ይልካል፤ በ40 ኪሎቢት ቢታሰብ 360 ኪሎቢት በሰከንድ አፕሎድ ማለት ነው፤ የብዙ ሰው መስመር ደግሞ የሚደክመው በአፕሎዱ በኩል ነው። በሰርቨር በኩል ሲሆን እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይልካል፣ ማባዛቱን ሰርቨሩ ይሠራዋል። ከአምስት ሰው በላይ ለሆነ ቡድን በቀጥታ የሚያገናኝ መሣሪያ አትምረጡ።

ጽሑፉ ያላነሳው፣ ግን ብዙ ቡድን አፑን አምርሮ እንዲተው የሚያደርገው ነገር ዩዲፒ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ፓኬት ከሚላክባቸው ሁለት ዋና ዘዴዎች አንዱ ሲሆን ሌላው ቲሲፒ ይባላል። የቀጥታ ድምፅ የሚጓዘው በዩዲፒ ሲሆን የጠፋ ፓኬት ጠፍቶ ይቀራል፣ ንግግሩ ይቀጥላል። ዩዲፒ ሲዘጋ ማምብል ድምፁን በቲሲፒ ውስጥ አሳልፎ ይልካል። ቲሲፒ የጠፋውን እንደገና ካላመጣ የሚቀጥለውን አያሳልፍም፤ ስለዚህ ድምፁ ለአፍታ ይቆምና ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይፈስሳል። እንዲህ ሲሆን የማምብልን የመልእክት መስኮት ተመልከቱ፤ በዩዲፒ መላክ ስላልቻለ ወደ ቲሲፒ መዞሩን ይጽፋል። በጣም የተለመደው ምክንያት የሰርቨሩ ባለቤት 64738 የሚለውን ፖርት (ትራፊክ ወደ ሰርቨሩ የሚገባበትን በር ቁጥር) ለቲሲፒ ብቻ ከፍቶ ለዩዲፒ መርሳቱ ነው። ሁሉም ሰው ላይ ከሆነ ሰርቨሩን፣ አንድ ሰው ላይ ብቻ ከሆነ የዚያን ሰው ኔትወርክ መርምሩ፤ የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት ኔትወርኮች ዩዲፒን መዝጋታቸው የተለመደ ነው።

ማይኩን በተመለከተ፣ ቁልፍ ተጭኖ መናገር ለሚፈልግ ቡድን በብሮውዘር ብቻ የሚሠራ አፕ አይሆንም። ብሮውዘር ቁልፉን የሚያየው ገጹ ከፊት ሲሆን ብቻ ነው፤ ጌም ወይም ሌላ ፕሮግራም ሲከፈት ቁልፉ አይሠራም። ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ድምፅ ሲሰማ በራሱ የሚከፈት ማይክ የመረጠ ሰው ደግሞ የመክፈቻውን ልክ ዝም ብሎ ተቀምጦ ያስተካክል፤ የኪቦርዱ ድምፅ ማይኩን የማይከፍትበት፣ የቀስታ ንግግሩ ግን የሚከፍትበት ቦታ ላይ ያቁመው።

በአፑ ላይ የሚላከኩ ሁለት ጥፋቶችም አሉ። የብሉቱዝ ሄድሴት ማይኩ ሲከፈት ብዙውን ጊዜ ከሙዚቃ ሁነታ ወደ ስልክ ንግግር ሁነታ ይዞራል፤ የሚሰሙትም የሚናገሩትም ድምፅ ይታፈናል። መፍትሔው ብሉቱዙን ለመስሚያ ብቻ ትቶ በአፑ ማስተካከያ ላይ የኮምፒውተሩን ወይም በገመድ የሚሰካ ማይክ መምረጥ ነው። ሁለተኛው ማስተጋባት ነው። ሁሉም የራሱ ድምፅ ተመልሶ ሲመጣበት፣ ማስተጋባቱን የማይሰማው ሰው ምንጩ ነው፤ በስፒከር እያዳመጠ ማይኩን ከፍቷል። እሱ ሄድፎን ሲያደርግ ይጠፋል።

ስለ መዘግየት፣ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሚመክረው ከአፍ እስከ ጆሮ ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ሰዎች ሳያስቡት እርስ በርስ መቋረጥ ይጀምራሉ። ስለዚህ ሰርቨር ስትመርጡ ብዙው አባል ከሚኖርበት አካባቢ የሚቀርበውን ምረጡ።

ስለ ምስጠራ

ሁሉም ይመሰጥራሉ የሚለው አባባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይቀላቅላል። መልእክቱ ከስልካችሁ እስከ ሰርቨሩ ድረስ መመስጠሩ አንድ ነገር ነው፤ ይህ ዛሬ በሁሉም ዘንድ አለ። ሰርቨሩም ጭምር እንዳያነበው ከላኪው እስከ ተቀባዩ መመስጠሩ ሌላ ነገር ነው። ይህን ለቡድን ጽሑፍም ለቡድን ጥሪም የሚያደርጉት ሲግናልና ዋትስአፕ ናቸው። ኤለመንት በተመሰጠሩ ክፍሎች ውስጥ ያደርገዋል፤ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ አይበራም። ቴሌግራም ላይ የግሩፕ መልእክት እንዲህ አይመሰጠርም፤ የሚመሰጠረው በሁለት ሰዎች መካከል ለይቶ የሚከፈተው ሚስጥራዊ ቻት ነው። ዲስኮርድ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪውን ወደዚህ ዓይነት ምስጠራ ማዛወር ጀምሯል፤ የጽሑፍ መልእክቱ ግን እንደነበረ ነው። ስቶትና ዙሊፕ መልእክቱን ከሰርቨሩ አይደብቁም። ማምብል ከአፑ እስከ ሰርቨሩ ይመሰጥራል፤ ሰርቨሩን የያዘው ሰው ከፈለገ ሊያዳምጥ ይችላል፤ ስለዚህ ጥያቄው ሰርቨሩን ማን ይዞታል የሚለው ይሆናል።

ማንም ሊገባበት ለሚችል የሺህ ሰው ቡድን ምስጠራው የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው፤ ማንበብ የፈለገ አባል ሆኖ ይገባልና። የሚያስከፍለው ግን ብዙ ነው፦ ፍለጋው ይደክማል፣ አዲስ አባል ታሪክ ያጣል፣ ቁልፉን የጣለም የራሱን የድሮ መልእክት ማንበብ ያቅተዋል። ኤለመንትን የመረጠ ቡድን ለእያንዳንዱ አባል በመጀመሪያው ቀን ማሠራት ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ የማስመለሻ ቁልፉን ማውጣትና ከስልኩ ውጭ ማስቀመጥ። መልእክቱን መፍታት አልተቻለም የሚለው ማስታወቂያ በብዛት የሚመጣው ይህን ሳያደርጉ ስልክ በቀየሩ ወይም ከሁሉም መሣሪያ በወጡ ሰዎች ላይ ነው። ማምብልም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው፦ ስማችሁ የተመዘገበው በይለፍ ቃል ሳይሆን ኮምፒውተራችሁ ላይ ባለ ሰርቲፊኬት በሚባል የመለያ ፋይል ነው። ኮምፒውተሩ ሲፎርማት ስሙም ሥልጣኑም ይሄዳል፤ ስለዚህ ሰርቲፊኬቱን ኤክስፖርት አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

ከምስጠራው እኩል መታየት ያለበት አፑ ስለ እናንተ ምን እንደሚሰበስብ ነው። በኦክቶበር 2025 ዲስኮርድ ይፋ እንዳደረገው፣ ለደንበኞች አገልግሎት ከሚጠቀምበት የውጭ ድርጅት በኩል ወደ 70,000 የሚሆኑ ተጠቃሚዎች የመታወቂያ ፎቶ ሳይጋለጥ አልቀረም። የመልእክት ምስጠራ ይህን አያቆመውም፤ መታወቂያ ያልተሰጠው አገልግሎት ብቻ ነው መታወቂያ የማይጠፋበት። ሲግናል፣ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ለምዝገባ ስልክ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ማትሪክስና ማምብል ያለ እሱ ይሠራሉ። አባሎቻችሁ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ከሆነ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ቴሌግራም ላይ በግላዊነት ማስተካከያው ስልክ ቁጥርን ማንም እንዳያይ አድርጉ፤ ሲግናልም ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ቁጥርን ደብቆ በተጠቃሚ ስም መገናኘት ያስችላል።

ስለ ራስ ሰርቨር

አሥር ደቂቃ የተባለው ለማምብል ያስኬዳል። ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ሥርዓቶች ላይ ፓኬጁ ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ ይጫናል፣ የዋናው አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፣ 64738 ለቲሲፒም ለዩዲፒም ይከፈታል። ከዚያ በራሳችሁ ስም ገብታችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ በዋናው አስተዳዳሪ አካውንት ተመልሳችሁ ግቡና ለተመዘገበው ስም የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ስጡት። ዋናውን አካውንት ለዕለት ተዕለት ንግግር አትጠቀሙበት፤ የተሠራው ለማስተዳደር እንጂ ለመነጋገር አይደለም። ቲምስፒክ 3ም ቀላል ነው። ያለ ክፍያ ፈቃድ እስከ 32 ሰው ይይዛል፤ ለድምፅ የዩዲፒ 9987ን፣ ለፋይል የቲሲፒ 30033ን ይፈልጋል። መጀመሪያ ሲነሳ የሚያሳየውን የሥልጣን ቁልፍ ሳትገለብጡ መስኮቱን አትዝጉ።

ማትሪክስን በዚሁ ሚዛን መመዘን ግን ሰዎችን ማሳሳት ነው። ሲናፕስ የተባለውን የማትሪክስ ሰርቨር ፕሮግራም ማስነሳት ፈጣን ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው ሥራው። የሰርቨሩ ዶሜን ስም (የኢንተርኔት አድራሻው) አንዴ ከተመረጠ አይቀየርም፤ የእያንዳንዱ አባል መለያ የተሠራው በእሱ ላይ ነው። ዳታቤዙ ከመጀመሪያው ፖስትግሬስ ይሁን፤ በኤስኪውላይት የተጀመረ ሰርቨር አባላቱ ሲበዙ ይንቀረፈፋል፣ ያኔ ማዛወሩ ደግሞ ሰርቨሩን ማቆም ይጠይቃል። ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር እንዲነጋገር የ8448 ፖርት መከፈት ወይም በ443 ፖርት በኩል መመሪያ የሚሰጥ ፋይል ዶሜኑ ላይ መቀመጥ አለበት። አንድ አባል በሌላ ሰርቨር ያለ ብዙ ሺህ ሰው የያዘ ክፍል ሲቀላቀል የሜሞሪ ፍጆታው በአንዴ ይወጣል፤ ትንሽ ራም ያለው ሰርቨር ሊወድቅ የሚችለው ያኔ ነው። ባክአፕ ስትወስዱም ዳታቤዙ ብቻ አይበቃም፤ የሰርቨሩ መፈረሚያ ቁልፍ፣ የማስተካከያ ፋይሉና የምስልና የፋይል ማከማቻው አብረው መወሰድ አለባቸው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው። ላይቭኪት በነባሪው የቲሲፒ 7881ንና ከ50000 እስከ 60000 ያሉ የዩዲፒ ፖርቶችን ይፈልጋል። ድረ ገጻችሁን ከጥቃት የሚከልል አማላጅ አገልግሎት ከፊት ካስቀመጣችሁ፣ አብዛኛው የሚያሳልፈው የድረ ገጽ ትራፊክን ብቻ ስለሆነ ጽሑፉ ይሠራል፣ ድምፁ ይሞታል። የሚዲያ ሰርቨሩ ለብቻው የራሱ ንዑስ ዶሜን ይኑረውና በቀጥታ ይደረስበት። ለሁለት ሰው ጥሪ ደግሞ ተርን የሚባለው አሸጋጋሪ ሰርቨር ያስፈልጋል፤ በነባሪው የሚሠራው በ3478 ነው። ምልክቱን እወቁት፦ አንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች በደንብ ይሰማማሉ፣ አንደኛው ወደ ሞባይል ዳታ ሲዞር ጥሪው ይያያዛል ግን ድምፅ የለም። የሞባይል ኔትወርኮች ብዙ ደንበኞችን ከአንድ አድራሻ ጀርባ ስለሚያስቀምጡ ስልኮቹ በቀጥታ መገናኘት አይችሉም፤ ተርን ከሌለ የሚያሸጋግራቸው የለም።

ጂትሲን በራሳቸው ሰርቨር የሚያቆሙ ሰዎችም ደጋግመው የሚወድቁበት ነገር አለ። ሁለት ሰው ሲሞክረው ይሠራል፤ ሦስተኛው ሲገባ የሁሉም ድምፅና ምስል ይጠፋል። ሁለቱ ሲሆኑ በቀጥታ ስለሚገናኙ ነው የሠራው፤ ሦስት ሲሆኑ ሁሉም በሰርቨሩ በኩል ማለፍ ይጀምራሉ፣ ያኔ የዩዲፒ 10000 መዘጋቱ ወይም ሰርቨሩ ለዓለም የሚታይበትን አድራሻ አለማወቁ ይገለጣል። ስለዚህ በራስ ሰርቨር ላይ የቆመን ማንኛውንም ጥሪ ከሦስት ባነሰ ሰው ፈትናችሁ አልቋል አትበሉ።

የወጪውን ግምትም ሥሩ። 20 ሰው ባለበት ክፍል አንድ ሰው ሲናገር ሰርቨሩ ለ19 ሰው ያባዛል፤ በ40 ኪሎቢት ሲባዛ 760 ኪሎቢት በሰከንድ፣ በሰዓት ወደ 342 ሜጋባይት ነው። ሁለት ሰው በአንዴ ቢናገር እጥፍ ይሆናል። ለድምፅ ብቻ ይህ ቀላል ነው፤ ስክሪን ማጋራትና ቪዲዮ ሲጨመሩ ግን ሒሳቡ ፍጹም ይቀየራል፣ የወጪ ትራፊክን እየቆጠረ የሚያስከፍል የሰርቨር አከራይ ላይ ያለ ቡድንም በወሩ መጨረሻ ይደነግጣል። ሰርቨሩን የሚያድስ፣ ባክአፑን የሚፈትን፣ እሱ በሌለበት የሚተካው ሁለተኛ ሰው ጭምር ከሌላችሁ ማትሪክስን በራሳችሁ ሰርቨር አታቁሙ፤ በሌሎች የሚተዳደር ሰርቨር ላይ አካውንት ክፈቱ።

ስለ ትልልቆቹ አለመጥፋት

ይህን ነጥብ ረጅም ማድረግ አያስፈልግም። ስካይፕን ማይክሮሶፍት በሜይ 2025 ዘግቶታል። ከዲስኮርድ ጋር በጣም ይመሳሰል የነበረውን ጊልድድን ሮብሎክስ ገዝቶት ነበር፤ በ2025 መጨረሻ ተዘግቷል። ዲስኮርድን ትተው ወደ ጊልድድ የሄዱ ቡድኖች ከእጅ አይሻል ዶማ ሆኖባቸው እንደገና ሌላ ፍለጋ ገብተዋል። ክፍት ኮድ መሆንም ብቻውን ዋስትና አይሰጥም፤ የማምብል የአይፎን አፕ ከኮምፒውተሩ ሥሪት በጣም ወደ ኋላ የቀረ ነው፣ ብዙ አይፎን ያለው ቡድን ይህን ቀድሞ ይፈትሽ። የማትሪክስ ትልቁ ሰርቨር ማትሪክስ ዶት ኦርግ በሴፕቴምበር 2025 መጀመሪያ በዳታቤዝ ብልሽት ለአንድ ቀን ያህል ቆሞ ነበር፤ በሌሎች ሰርቨሮች ላይ ያሉት ግን መነጋገራቸውን ቀጥለዋል። ስለዚህ የድርጅቱን ትልቅነት ትታችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የመጨረሻው እድሳት መቼ ወጣ፣ ታሪካችንን ይዘን መውጣት እንችላለን ወይ፣ ይህን አገልግሎት የሚያኖረው ገንዘብ ከየት ይመጣል።

ስለ አንድ ቀን ዝውውር

ቡድንን የሚበትነው ምክር ይሄ ነው። አሮጌው ቤት በዚያው ቀን ሲዘጋ፣ ያን ቀን ያልነበረ ሰው በሩን ዘግታችሁ እንደሄዳችሁ ይቆጥራል፤ ብዙውም አይመለስም።

መጀመሪያ አራት ወይም አምስት ሰው መርጣችሁ ፈትኑት። ምርጫው በዘፈቀደ አይሁን፦ አንዱ በሞባይል ዳታ ብቻ የሚገባ፣ አንዱ ከመሥሪያ ቤት ወይም ከትምህርት ቤት ኔትወርክ፣ አንዱ ብሉቱዝ የሚጠቀም፣ አንዱ ያረጀ አንድሮይድ የያዘ፣ አንዱ አይፎን ያለው ይሁን። ለግማሽ ሰዓት ያህል በድምፅ ተነጋገሩ። መሐል ላይ ሁሉም ስልኩን ቆልፎ አሥር ደቂቃ ይቆይ፤ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ተዘዋውሮም ይሞክር። ስልኩ ሲቆለፍ ድምፅ የሚቋረጥበት ወይም ማሳወቂያ የማይደርሰው የአንድሮይድ ተጠቃሚ ካለ፣ በስልኩ የአፖች ማስተካከያ ውስጥ ለዚያ አፕ የባትሪ ገደቡን ያንሳ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው አፑን ከጀርባ የሚዘጋው የባትሪ ቆጣቢው ነው። ከአምስቱ አንዱ በቋሚነት መናገር ካልቻለ አፑ ለእናንተ አይሆንም፤ ያ ሰው የሚወክላቸው ሌሎች አባላት አሉና።

ታሪኩን አስቀድማችሁ አውጡ። ከዲስኮርድ የራሴን ዳታ ላኩልኝ ብሎ መጠየቅ የሚያመጣው የጠያቂውን መልእክቶች ብቻ ነው፣ እስከ 30 ቀንም ሊወስድ ይችላል። የሙሉ ቻናል ታሪክ ለማውጣት አስተዳዳሪው የማንበብ ፈቃድ ያለው ቦት ሰርቨሩ ላይ አስገብቶ በእሱ በኩል ማውረድ አለበት። የግል አካውንትን ቁልፍ ለማውጫ ፕሮግራም መስጠት የአገልግሎቱን ደንብ የሚጥስ ስለሆነ አካውንት ሊያዘጋ ይችላል። ሁሉንም ማውረድ ካልቻላችሁ የተሰኩትን መልእክቶች፣ ደንቦቹንና ተደጋግመው የሚጠየቁትን መልሶች በእጅ ገልብጡ።

ከዚያ አንድ እንቅስቃሴ ብቻ አዛውሩ፤ ለምሳሌ ሳምንታዊውን የድምፅ ስብሰባ። ሰው አፕ የሚጭነው ሊንክ ስለተላከለት ሳይሆን የሚፈልገው ነገር እዚያ ስለሚካሄድ ነው። ማትሪክስን የመረጣችሁ በዲስኮርድና በማትሪክስ መካከል መልእክት የሚያመላልስ ድልድይ ማቆም ትችላላችሁ፤ ድልድዩ ጽሑፉን እንጂ ድምፁን አያሻግርም፤ በእሱ በኩል የሚያልፍ መልእክትም ሰርቨሩ ላይ ተፈትቶ ስለሚያልፍ ለአባላቱ ይህን ንገሯቸው። የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቢያንስ በሁለት ሰው እጅ ይሁን።

አሮጌውን ቦታ ለአንድ ወር ያህል ክፍት አድርጉት። ከዚያ በኋላም አትሰርዙት፤ መጻፍን ብቻ ከልክሉና የመጨረሻው መልእክት የአዲሱን ቦታ ሊንክ፣ አፑን የመጫኛ ደረጃዎችንና ለተቸገረ ሰው የሚረዳውን አባል ስም ይያዝ። የግብዣ ሊንኩ የጊዜ ገደብ የሌለው መሆኑን ከሌላ አካውንት ሞክራችሁ አረጋግጡ፤ የአንዳንድ አፖች የግብዣ ሊንክ በነባሪው ከጥቂት ቀናት በኋላ ይሞታል፣ ከወር በኋላ የመጣው አባልም የተዘጋ በር ይገጥመዋል።